ከጆሮ ጫፍ እስከ ጨቅላ እግር፦ የፐልስ ኦክሲሜትር ሴንሰር ታሪክ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በሳንባ ምች የታመመ ሕፃን ወደዚህች ከተማ ጤና ተቋም ሲመጣ፣ እዚያው ይታከም ወይስ ወደ ወልድያ፣ አለዚያም 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ደሴ ይላክ የሚለውን ውሳኔ ከሚያግዙት ነገሮች አንዱ ፐልስ ኦክሲሜትር የሚያሳየው ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም አያያዝ መመሪያ፣ መሣሪያው ባለበት ቦታ ሁሉ የኦክሲጅን ሳቹሬሽኑ ከ90 በመቶ በታች የሆነ ሕፃን ወደ ከፍተኛ ሕክምና እንዲላክ ያዛል። በ88 እና በ92 መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ለአንዲት የሀብሩ እናት የአምቡላንስ፣ የስንቅና ቀሪ ልጆችን ለጎረቤት ጥሎ የመሄድ ልዩነት ነው።

ይህ ቁጥር በሞኒተሩ ላይ ይነበብ እንጂ መነሻው ቆዳን የሚነካው ሴንሰር፣ በየዋርዱ በተለምዶ «ፕሮብ» የሚባለው ክፍል ነው። ለአዋቂ ጣት የተሠራ ፕሮብ በሕፃን ጣት ላይ ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ማሳየቱን አያቋርጥም፤ የተሳሳተውን ቁጥር ከትክክለኛው የሚለይ ምልክትም ሁልጊዜ አይሰጥም። ፕሮቦች ለምን በመጠንና በቅርጽ እንደተለያዩ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ምን እንደሚበላሽ በሚገባ ለመረዳት መሣሪያው የመጣበትን መንገድ መከተል ይጠቅማል። የኦክሲሜትር ታሪክ በአመዛኙ ከሰውነት ላይ ተስማሚ ቦታ የመፈለግ ታሪክ ነውና።

ዓይን ብቻ በነበረበት ዘመን

የደም ቀለም ከኦክሲጅን ጋር እንደሚለዋወጥ በሳይንስ መንገድ የተመረመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 ጀርመናዊው ፊሊክስ ሆፐ-ዛይለር ለቀዩ የደም ንጥረ ነገር ሄሞግሎቢን የሚለውን ስም ሰጡ፤ በዚያው ዓመት በካምብሪጅ ያስተምሩ የነበሩት ጆርጅ ስቶክስ ይህ ንጥረ ነገር ኦክሲጅን ሲይዝና ሲለቅ የሚውጠው ብርሃን እንደሚለያይ አሳዩ። ሆኖም ይህ ዕውቀት ወደ ታካሚ አልጋ ለመድረስ ብዙ አሥርት ዓመታት ወስዶበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሐኪሙ መሣሪያ ዓይኑ ነበር፤ ከንፈር፣ ምላስና ጥፍር መጥቆሩን ማየት።

ዓይን ግን ደካማ ምስክር ነው። ጁሊየስ ኮምሮና ስቴላ ቦቴልሆ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ጥናት፣ የፈቃደኞችን ኦክሲጅን ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረጉ ተመልካቾች የሰውነት መጥቆርን መቼ እንደሚለዩ መዘገቡ። አብዛኞቹ ተመልካቾች ሳቹሬሽኑ ወደ 80 በመቶ እስኪወርድ ድረስ እርግጠኛ የሆነ ምልክት ማየት አልቻሉም። ቆዳው ጠይም በሆነ ሰው ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ደም ማነስ በበረታበት ታካሚ ደግሞ ለመጥቆር የሚበቃ ሄሞግሎቢን ራሱ ላይኖር ይችላል። በአገራችን ሁለቱም በአንድ ታካሚ ላይ የሚገናኙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጆሮ

መጀመሪያ የተመረጠው የሰውነት ክፍል ጆሮ ነበር። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ የጆሮ ጫፍ ስስ በመሆኑ ብርሃን በቀላሉ ያልፍበታል። ካርል ማተስ የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1935 በላይፕሲግ ሁለት የብርሃን ዓይነቶችን በጆሮ ውስጥ አሳልፎ የኦክሲጅንን መጠን በተከታታይ የሚከታተል መሣሪያ ሠሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሜሪካዊው ግሌን ሚሊካን ከፍ ብለው የሚበሩ አብራሪዎች ራሳቸውን እንዳይስቱ ለመከታተል የሚያገለግል ቀለል ያለ የጆሮ መሣሪያ አዘጋጁ፤ «ኦክሲሜትር» የሚለውን ቃል ያወጡትም እርሳቸው ናቸው።

የእነዚህ መሣሪያዎች ችግር አንድ ነበር። በጆሮ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን በአርተሪ ደም ብቻ አይዋጥም፤ ቆዳው፣ ሥጋው፣ የቬይን ደሙም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። የአርተሪውን ድርሻ ለመለየት በማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ኧርል ዉድ እ.ኤ.አ. በ1949 ገደማ አንድ ብልሃት ፈጠሩ፤ ጆሮውን በአየር ግፊት ጨምቆ ደሙን ማስወጣት፣ ያለ ደም የሚያልፈውን ብርሃን መለካት፣ ከዚያ ግፊቱን ለቅቆ ከደም ጋር እንደገና መለካት። ብልሃቱ ትክክል ቢሆንም ለእያንዳንዱ ታካሚ ይህን ሁሉ ማድረግ በየዕለቱ የሕክምና ሥራ የሚቻል አልነበረም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሂውሌት-ፓካርድ ያቀረበው የጆሮ ኦክሲሜትር ስምንት የብርሃን ዓይነቶችን በመጠቀም ይህን ጣጣ አስቀረ። ነገር ግን ጆሮን የሚያሞቀው ክፍሉ ትልቅ፣ ገመዱ ወፍራም፣ ዋጋውም ውድ ስለነበረ ከሳንባ ምርመራና ከእንቅልፍ ጥናት ላቦራቶሪዎች እምብዛም አልወጣም። ለጨቅላ ሕፃን ጆሮማ ጨርሶ የሚታሰብ አልነበረም።

የታኩኦ አዮያጊ ግኝት

ለውጡ የመጣው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ታኩኦ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1936 በጃፓን ኒጋታ የተወለዱ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኒሆን ኮደን ኩባንያ ልብ በደቂቃ የሚረጨውን ደም መጠን ያለ መርፌ ለመለካት ይሞክሩ ነበር። ዘዴው በደም ውስጥ የተጨመረ ቀለም እንዴት እየቀጠነ እንደሚሄድ በጆሮ ላይ በብርሃን መከታተል ነው። በየልብ ምቱ የሚመጣው የደም ሞገድ ግን ንባቡን እያወዛወዘ አስቸገራቸው። አዮያጊ ይህን ረብሻ በሁለት የብርሃን ዓይነቶች ሊያጠፉት ሞከሩ፤ ሁለቱ እንዲጣፉ አድርገው ካስተካከሉ በኋላ ግን የደሙ ኦክሲጅን ሲቀየር ረብሻው ተመልሶ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያውን በረገመ ነበር። እርሳቸው ግን ረብሻ ያሉት ነገር ራሱ መልእክት መሆኑን አስተዋሉ። ከልብ ምት ጋር ከፍና ዝቅ የሚለው ክፍል ብቻ ተነጥሎ ቢወሰድ፣ የሚገኘው የአርተሪ ደም ድርሻ ነው። ቆዳም፣ ሥጋም፣ የቬይን ደምም ስለማይመቱ ከሂሳቡ ይወጣሉ። ጆሮ መጭመቅም፣ ማሞቅም አያስፈልግም።

አዮያጊና ባልደረባቸው ሚቺዮ ኪሺ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 ለፓተንት አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት ኦሳካ ላይ በተደረገ የሙያ ጉባኤም ገለጹት። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው መሣሪያ ለገበያ ቀረበ፤ ፕሮቡ ያኔም የጆሮ ነበር። ፓተንቱ ከጃፓን ውጭ ባለመቅረቡና ኩባንያውም ሥራውን ስላልገፋበት የአዮያጊ ስም ለዓመታት ተረስቶ ቆየ። ዓለም የአዮያጊን ድርሻ ያወቀው በአመዛኙ አሜሪካዊው ጆን ሴቨሪንግሃውስና ጃፓናዊው ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት የታሪክ ጽሑፍ ነው። አዮያጊ ያረፉት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020፣ የኮቪድ ወረርሽኝ መሣሪያቸውን በየቤቱ በሚያስገባበት ወር ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ዘዴው በምት ላይ የቆመ ነው፤ ምት በሌለበት ወይም በደከመበት ቦታ ፕሮቡ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚይዘው መልእክት የለም። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ሳቹሬሽንን በቀጥታ አያሰላም። የቀዩንና የታህተ ቀዩን ብርሃን ጥምርታ ይወስድና ኦክሲጅናቸው ተቀንሶ ደማቸው ከተለካ ጤነኛ አዋቂ ፈቃደኞች ከተገኘ ሠንጠረዥ ጋር ያመሳክራል። ሁለቱ ብርሃኖች እኩል ሲወዛወዙ ሠንጠረዡ 85 በመቶ ገደማ ይላል። ስለዚህ ሕፃኑ ሲንፈራገጥ ወይም ምቱ ሲደክም ሞገዱ ተበላሽቶ ቁጥሩ 85 አካባቢ የሚቆም ከሆነ፣ ያ ቁጥር የታካሚው ሳይሆን የረብሻው ሊሆን ይችላል።

ጣት

ፕሮቡን ወደ ጣት ያመጣው ሚኖልታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው መሣሪያ ብርሃኑን ከሞኒተሩ በፋይበር ገመድ ወደ ጣት ጫፍ ያደርስ ነበር። ገመዱ ከባድና ተሰባሪ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ባዮክስ ትንንሽ የብርሃን ዳዮዶችን በራሱ በፕሮቡ ውስጥ ሲያስገባ ገመዱ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሆነ። ቀጥሎም በስታንፎርድ አንስቴዥያ ሐኪም የነበሩት ዊልያም ኒው ከመሠረቱት አንዱ የሆኑበት ኔልኮር እ.ኤ.አ. በ1983 ኤን-100 የተሰኘውን አወጣ። በጣት ላይ የሚለጠፍ ፕሮብ ነበረው፤ ድምፁም ሳቹሬሽን ሲወርድ እየወፈረ ስለሚሄድ አንስቴዥያ የሚሰጠው ባለሙያ ዓይኑን ከታካሚው ሳያነሳ መስማት ቻለ። ኦክሲሜትር የቀዶ ሕክምና ክፍል ዕቃ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚያው ዘመን የገባች አንዲት ትንሽ ነገር እስከ ዛሬ በየመጋዘኑ ችግር ትፈጥራለች። ዳዮዶች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያመነጩት ቀይ ብርሃን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ በፕሮቡ መሰኪያ ውስጥ የትኛው ሠንጠረዥ እንደሚሠራ ለሞኒተሩ የምትናገር አነስተኛ ሬዚስተር ተቀመጠች። መሰኪያቸው ከውጭ አንድ የሚመስል ሁለት ፕሮቦች በውስጥ አሠራራቸው ሊለያዩ የሚችሉት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። «ገባልኝ» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም። ካልተስማማ ሞኒተር ጋር የተገናኘ ፕሮብ ከመጠን በላይ ሞቆ የጨቅላ ሕፃናትን ቆዳ ያቃጠለባቸው አጋጣሚዎችም በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ይህ ጉዳይ ለሰሜን ወሎ ሩቅ አይደለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲዘልቅ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፤ የጠፋ ዕቃ ከተለያየ ምንጭ በሚመጣ እርዳታ ሲተካ ደግሞ ሞኒተሩ ከአንድ አገር፣ ፕሮቡ ከሌላ ሊሆን ይችላል። ዕቃ የሚረከብ ባለሙያ ከሞኒተሩ ቁጥር ይልቅ ከየትኛው ፕሮብ ጋር እንደሚስማማና ለየትኛው ዕድሜ ስንት ፕሮብ እንደመጣ ቢጠይቅ የተሻለ ነው።

ትንሹ ሰውነት

ለአዋቂ የሚሆን ቆንጣጭ ፕሮብ የተሠራው ብርሃኑ በአንድ በኩል ገብቶ በጣቱ ውፍረት በኩል አልፎ በሌላው እንዲወጣ ነው። የሕፃን ጣት ግን ቀጭን ነው፤ ፕሮቡ ይላላል፣ ብርሃን ሰጪውና ተቀባዩ ፊት ለፊት አይገጥሙም፣ የብርሃኑም ከፊል በጣቱ ዳር ዳር ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ አንድ ሥራ ይህ የፕሮብ መዛባት ሳቹሬሽንን እንዴት በሐሰት እንደሚለውጥ ገለጸ። ስህተቱ አንዳንዴ ወደ ታች፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ነው። ወደ ታች የሳተው ሕፃኑን ያለ ምክንያት ወደ ደሴ ያስኬዳል፤ ወደ ላይ የሳተው ግን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።

መፍትሔው የተገኘው የሰውነትን ውፍረት በመለካት ነው። ተጠቅላይ ፕሮቦችን የሚያወጡ ፋብሪካዎች መጠናቸውን በክብደት ይለያሉ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ዓይነት ከ3 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ጨቅላና ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ለሆነ አዋቂ በአንድነት የተፈቀደ መሆኑን ያየ ባለሙያ ሊገረም ይችላል። ነገሩ ቀላል ነው፤ በጨቅላው ላይ የሚጠቀለለው በእግሩ መሐል ሲሆን፣ የጨቅላ እግር ውፍረት ከአዋቂ ጣት ውፍረት ብዙም አይርቅም። በመሐከል ላሉት ሕፃናት ግን የራሳቸው መጠን አለ፤ ለሕፃን አብዛኛውን ጊዜ የእግር አውራ ጣት ይመረጣል። ተስማሚ ፕሮብ በሌለበት የአዋቂውን ቆንጣጭ በሕፃኑ መዳፍ ወይም እግር ላይ ማድረግ በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው፤ ሞገዱ ጥሩ ካልሆነ ቁጥሩ ሊታመን አይገባም። ተጠቅላዩንም አጥብቆ ማሰር የቬይን ደም እንዲመታ በማድረግ ንባቡን ያወርዳል፣ ቆዳንም ይጎዳል።

በጨቅላ ላይ ጥቂት ነጥቦች ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2010 ሰፖርት በሚል ስም የታተመው የአሜሪካ ጥናት ነው። ያለዕድሜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሳቹሬሽናቸው ከ85 እስከ 89 ወይም ከ91 እስከ 95 በመቶ እንዲጠበቅ በዕጣ ተመደቡ። በዝቅተኛው ክልል ከሆስፒታል ሳይወጡ የሞቱት 19.9 በመቶ፣ በከፍተኛው 16.2 በመቶ ነበሩ፤ በአንጻሩ ከባድ የዓይን ሬቲና ጉዳት በዝቅተኛው 8.6፣ በከፍተኛው 17.9 በመቶ ሆነ። ሞትና ዕውርነት በ5 እና በ6 ነጥብ ልዩነት ውስጥ ሲቆሙ፣ በላላ ፕሮብ የሚጠፋ 3 ወይም 4 ነጥብ ቀላል አይደለም።

እንደተወለደ ለሚታደስ ጨቅላ ፕሮቡ በቀኝ እጅ ይደረጋል፤ ወደ ቀኝ እጅ የሚሄደው ደም ከልብ የሚወጣው ዳክተስ ከሚባለው ቧንቧ በፊት ስለሆነ ወደ አንጎል የሚደርሰውን ይመስላልና። በ1ኛው ደቂቃ ከ60 እስከ 65 በመቶ፣ በ5ኛው ከ80 እስከ 85 በመቶ መሆን የጤነኛ ጨቅላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ፕሮቡን መጀመሪያ ከሕፃኑ ላይ አድርጎ፣ ከዚያ ከሞኒተሩ ጋር ማገናኘት ንባቡን እንደሚያፋጥን አሳይቷል። ያለ ወጪ የሚገኝ ጥቅም ነው።

ኢትዮጵያ፣ ሰሜን ተራሮችና ሀብሩ

እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት ላይ የወጣ ግምት በዓለም 77,700 ያህል የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ያለ ፐልስ ኦክሲሜትር እንደሚሠሩ አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት የተመሠረተው ላይፍቦክስ መሣሪያውን በዝቅተኛ ዋጋ ማዳረስ ጀመረ፤ ኢትዮጵያም ከሚሠራባቸው አገሮች አንዷ ሆነች። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሕክምና ኦክሲጅንንና የፐልስ ኦክሲሜትርን ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ አወጣ። የመጀመሪያው የኮቪድ ታካሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ደግሞ ትንንሾቹ የጣት ኦክሲሜትሮች በየመድኃኒት ቤቱ ታዩ። እነዚህ ሞኒተሩም ፕሮቡም አንድ አካል የሆኑ፣ ፕሮባቸው የማይለወጥ መሣሪያዎች ናቸው፤ ለአዋቂ የተሠራው ለሕፃን አይሆንም።

የአማራ ክልል በኦክሲሜትር ታሪክ ውስጥ የራሱ ገጽ አለው። ሲንትያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 የአማራ ተወላጆችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ አማካይ ሳቹሬሽናቸው ግን 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሄሞግሎቢናቸውም እንደ አንዲስ ሰዎች አልበዛም። ከ1,600 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው መርሳ ይህ ትርጉም አለው፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል «ከደጋ ስለመጣ ነው» ብሎ ማለፍ አያስተማምንም። መጀመሪያ ፕሮቡን፣ ቀጥሎ ታካሚውን ማየት ይቀድማል።

በሀብሩ ፕሮብ ሲመረጥ የአካባቢው ልማድም ይቆጠራል። ለሠርግና ለአራስነት እጅና ጥፍርን በሂና ወይም በእንሶስላ ማስዋብ በወሎ የተለመደ ነው። ቀዩ ሂና ንባብን ብዙም እንደማይለውጥ፣ ጥቁሩ ግን ብርሃኑን እስከ መዝጋት እንደሚደርስ በዐረብ አገር የተደረገ ጥናት ገልጿል። ለእንዲህ ዓይነቷ ወላድ ያልተቀባ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ይፈለጋል። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ጣቶቿ የቀዘቀዙ እናት ላይም የጣት ፕሮብ ዘግይቶ ይናገራል፤ የጆሮው ከጣት ቀድሞ ለውጡን ያሳያል። በግንባር የሚለጠፈው ፕሮብ ደም በእጅና እግር ሲቀንስ ይሻላል፤ ራሷ ወደ ታች ካዘቀዘቀ ግን የቬይን ደም ስለሚጠራቀም ያሳስታል። በከሰል ጭስ ታፍኖ የመጣ ሰው ላይ ደግሞ በሁለት የብርሃን ዓይነት የሚሠራ ማንኛውም ፕሮብ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክሲጅን እንደያዘ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ 98 በመቶ ቢያሳይም መተማመኛ አይሆንም።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ ገና አልተዘጋም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 መሣሪያዎቹ በጠቆረ ቆዳ ላይ ሳቹሬሽን ሲወርድ ከእውነተኛው ከፍ አድርገው እንደሚያነቡ አሳዩ፤ በ2007 ደግሞ ስህተቱ ከፕሮቡ ዓይነት ጋርም እንደሚያያዝ ገለጹ። ብዙዎች ያዳመጡት ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ከሚሺጋን የወጣው ጥናት ነው። በኦክሲሜትር ከ92 እስከ 96 በመቶ ካሳዩት መካከል፣ እውነተኛው የአርተሪ ሳቹሬሽን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁሮቹ ታካሚዎች 11.7፣ በነጮቹ 3.6 በመቶ ጊዜ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የ2013 መመሪያ ለፍተሻ 10 ጤነኛ ሰዎች ይበቃሉ ሲል፣ ከእነርሱ ቢያንስ 2 ወይም 15 በመቶ ቆዳቸው የጠቆረ እንዲሆኑ ብቻ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የወጣው ረቂቅ መመሪያ ቁጥሩን ወደ 150 ያሳደገው ሲሆን፣ የቆዳ ቀለም ልዩነትም በተወሰነ መለኪያ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ተፈታኞቹ ግን አሁንም ጤነኛ አዋቂዎች ናቸው፤ በመርሳ ወሊድ ክፍል ለምትገኝ 2 ኪሎ ግራም ጨቅላ ሠንጠረዡ የተወሰደው ከሌላ ሰውነት ነው። ስለዚህ በ90 እና በ93 መካከል የቆመ ቁጥር የሕፃኑ ትንፋሽ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እንደሚሰረጉድ፣ ጡት እንደሚጠባ ከማየት ጋር አብሮ ይነበባል፤ ፕሮቡም ወደ ሌላው እግር ተዛውሮ፣ ከብርሃን በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሞገዱ ሲስተካከል እንደገና ይታያል።